በአሮጌ ባቡር ውስጥ አዲስ ጉልበት ያገኘው መሐንዲስ

የአንድሬ ሻፕሎን የሕይወት ታሪክ

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላል ያገራችን ሰው ሲተርት። ይህ ተረት ለወርቅ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለመሣሪያም፣ ለዕውቀትም፣ ለሰውም ይሠራል። አንድ መኪና ጥቂት ዘመን አገልግሎ የደከመ ሲመስለን፣ አርጅቷልና ይጣል፣ በምትኩም አዲስ ይገዛ ብለን ለመፍረድ ብዙ ጊዜ አይፈጅብንም። የደከመበትን ምክንያት ቁጭ ብሎ የሚመረምር ግን ጥቂት ሰው ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርብለት ፈረንሳዊው መሐንዲስ አንድሬ ሻፕሎን ከነዚያ ከጥቂቶቹ አንዱ ነበረ።

የዚህ ሰው ዝና የተመሠረተው አዲስ ነገር ከመፍጠሩ ይልቅ ያለውን በማሻሻሉ ላይ ነው። ፉርጎዎችን የሚጎትቱትን፣ ሎኮሞቲቭ የሚባሉትን የእንፋሎት መኪናዎች፣ ዘመናቸው አልፏል ከተባለ በኋላ ሆድ ዕቃቸውን ከፍቶ መረመረ፤ የታመመውን ክፍል ለይቶ አወጣ፤ ለውጦም ሠራ። እነዚያው መኪናዎች ከቀድሞው ጉልበታቸው እኩሌታውን ያህል ጨምረው፣ የሚበሉትን ከሰል ግን ቀንሰው ወደ ሐዲዳቸው ተመለሱ። ታሪኩ የድል ታሪክ ነው፤ ዳሩ ግን ሐዘንም አለበት። ሁለቱንም በየተራው እንመለከታለን።

ልደቱና ትምህርቱ

አንድሬ ሻፕሎን የተወለደው በ1892 ዓ.ም. ኦክቶበር 26 ቀን ነው (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን)። የትውልድ ሥፍራው በፈረንሳይ አገር በሎዋር ወንዝ ዳር የምትገኘው ሴን ፖል አን ኮርኒዮን የምትባል ትንሽ መንደር ናት። መንደሪቱ ለሴንት ኤትየን ከተማ ቅርብ ናት። የሴንት ኤትየን አካባቢ ደግሞ በዚያ ዘመን ከሰል የሚቆፈርበት፣ ብረት የሚቀልጥበት አገር ነበረ። በፈረንሳይ ምድር የመጀመሪያው የባቡር ሐዲድ የተዘረጋው በዚሁ አገር ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው በ1827 ነው፤ በመጀመሪያ ጊዜ ፉርጎዎቹን ይጎትቱ የነበሩትም ፈረሶች ነበሩ። በእንዲህ ያለ አገር የተወለደው ሻፕሎን ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡ በባቡር ፍቅር ተማርኮ አደገ።

ወደ ከፍተኛ ትምህርት በሚገባበት ዕድሜው የ1914ቱ ታላቅ ጦርነት ስለ ተነሣ፣ እንደ ዘመኑ ወጣቶች ሁሉ እርሱም ዘምቶ አገሩን አገለገለ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ወደ ትምህርቱ ተመልሶ፣ በፓሪስ ከተማ ኤኮል ሳንትራል ከሚባለው ስመ ጥሩ የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት በ1921 በመሐንዲስነት ተመረቀ። ከዚያም ፓሪስ–ሊዮን–ሜዲተራኔ በሚባለው ታላቅ የምድር ባቡር ኩባንያ ተቀጥሮ፣ በሊዮን ከተማ ከነዚያ ከሚወዳቸው መኪናዎች ዘንድ ሥራ ጀመረ።

ነገር ግን የተመኙትን ሥራ ማግኘት ብቻውን አያጠግብም። ወጣቱ መሐንዲስ በዚያ ቦታ ዕውቀቱን የሚያሳይበት የዕድገት በር አልታየውም። ስለዚህ በ1924 ሥራውን ለቀቀና ወደ አንድ የቴሌፎን ኩባንያ ገባ። እንጀራው ከቴሌፎን ሆነ፤ አሳቡ ግን ከሐዲዱ ላይ አልወረደም። ብዙም ሳይቆይ በ1925 መጀመሪያ፣ የ32 ዓመት ሰው ሳለ፣ ፓሪስ–ኦርሌያን በሚባለው ሌላ የምድር ባቡር ኩባንያ በጥናት ክፍል ውስጥ ሥራ አገኘ። የሻፕሎን እውነተኛ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የድካሙ ምክንያት

የፓሪስ–ኦርሌያን ኩባንያ በዚያ ጊዜ ከባድ ችግር ገጥሞት ነበር። ኩባንያው በ1907 ፓሲፊክ የሚባለውን ዓይነት ሎኮሞቲቭ በአውሮፓ ምድር ከሁሉ ቀድመው ካሠሩት ወገን ነው። ፓሲፊክ ማለት ከፊት አራት ትንንሽ መንኰራኵሮች፣ ከመካከል ስድስት ትልልቅ ጎታች መንኰራኵሮች፣ ከኋላም ሁለት ተሸካሚ መንኰራኵሮች ያሉት መኪና ነው። እነዚህ መኪናዎች በተሠሩበት ዘመን የሚያኰሩ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ግን የመንገደኞች ፉርጎ እየከበደ፣ መንገደኛው እየበዛ፣ ቶሎ የመድረስ ፍላጎትም እያየለ ሄደ። ከዚህም በላይ ኩባንያው ከፓሪስ እስከ ቪየርዞን ያለውን መሥመር በ1926 በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲሠራ አደረገ። የኤሌክትሪኩ መኪና ከባዱን ባቡር እየጎተተ በፍጥነት ቪየርዞን ሲደርስ፣ ከዚያ ወዲያ ተቀብሎ የሚሄደው ያው አሮጌው የእንፋሎት ፓሲፊክ ነበረ። አንዱ ሩጦ ያመጣውን ሌላው እያዘገመ ከወሰደው ትርፉ ምንድን ነው?

ለዚህ ችግር ቀላል የሚመስለው መልስ ከነዚያ የሚበልጡ ትልልቅ መኪናዎች መግዛት ነበረ። ዋጋው ግን እጅግ ብዙ ነው፤ ከባድ መኪና ሲመጣም ሐዲዱንና ድልድዩን ማጠንከር ያስፈልጋል። ሻፕሎን ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፤ ይኸውም እነዚህ መኪናዎች በእርግጥ ደካሞች ናቸውን ወይስ ጉልበታቸውን ከውስጥ የሚያባክን ነገር አለ የሚል ነው።

የሻፕሎንን ሥራ በሚገባ ለመረዳት የእንፋሎት ባቡር እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ማየት ያስፈልጋል። ከሰሉ በምድጃው ሲነድ ውሃው በትልቁ ጋን ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱ በቧንቧ አልፎ፣ እንደ ገና ተግሎ፣ ወደ ሲሊንደሩ ይገባና ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም መንኰራኵሩን ያዞራል። በፈረንሳይ አገር የተለመደው አሠራር ደግሞ እንፋሎቱን ሁለት ጊዜ ማሠራት ነበረ፤ መጀመሪያ በትንንሾቹ ሲሊንደሮች ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ከሠራ በኋላ፣ በተረፈው ግፊት ደግሞ በትልልቆቹ ሲሊንደሮች ውስጥ ይሠራል። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጢስ ማውጫው ሽቅብ ይወጣል። ሲወጣም ጢሱን አብሮ እየሳበ ይወስደዋልና፣ ምድጃው አዲስ አየር እያገኘ እሳቱ ይበረታል። እንግዲህ የሚወጣው እንፋሎት ለምድጃው እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ ያገለግላል ማለት ነው።

ሻፕሎን በዚህ መንገድ ሁሉ እንፋሎቱን ከጋኑ ጀምሮ እስከ ጢስ ማውጫው ድረስ ተከተለው። በየቦታው ግፊቱ ስንት እንደ ሆነ፣ ሙቀቱ ስንት እንደ ሆነ ለካ፤ አሰላ። ያገኘውም ነገር ይህ ነው፤ ቧንቧዎቹና መተላለፊያዎቹ ጠባቦችና ጠማማዎች ስለ ነበሩ፣ እንፋሎቱ ገና ሥራውን ሳይሠራ በመንገድ ላይ ብቻ ብዙ ግፊት ያጣ ነበር። በአዳራሽ ሙሉ የተሰበሰበ ሕዝብ በአንዲት ጠባብ በር ልውጣ ቢል እርስ በርሱ እየተጋፋ ጉልበቱን ይጨርሳል እንጂ ቶሎ አይወጣም። የእንፋሎቱም ነገር እንዲሁ ነበር። መኪናው ባቡሩ በቀስታ ሲሄድ ደኅና ይሠራል፤ ፍጥነት ሲጨምር ግን ይታፈናል። ስለዚህ መኪናው ደካማ አልነበረም፤ ጉሮሮው ታንቆ ኖሯል።

በዚያ ዘመን ብዙ የባቡር መሐንዲሶች የሚሠሩት አባቶቻቸው በሠሩበት ልማድ ነበር። ይህ ቧንቧ ይህን ያህል ይስፋ የሚባለው አስቀድሞ እንዲያ ስለ ተለመደ ነበረ እንጂ ተለክቶ አልነበረም። ሻፕሎን የሙቀትንና የእንፋሎትን ሕግ ከትምህርት ቤት ደብተር አውጥቶ ወደ ብረቱ አመጣው። የሥራውም ዋና ምሥጢር ይኸው ነው።

መጀመሪያ ያሻሻለው የጢስ ማውጫውን ነው። ከዚህ ቀደም ምድጃው በብርቱ እንዲነድ ከተፈለገ፣ እንፋሎቱ የሚወጣበትን አፍ ማጥበብ የተለመደ ነበረ። አፉ ሲጠብ እንፋሎቱ በኃይል ስለሚወጣ ጢሱን በደንብ ይስባል፤ ዳሩ ግን ያው ጥበት ወደ ኋላ ተመልሶ ፒስተኑን ያስቸግራል። አንዱን ሲጠቅሙ ሌላውን መጉዳት ሆነ። ኪዮስቲ ኪላላ የሚባል የፊንላንድ ሰው እንፋሎቱን በልዩ ልዩ አፎች ከፋፍሎ የሚያወጣ መሣሪያ አስቀድሞ ሠርቶ ነበር። ሻፕሎን የዚህን ሰው አሳብ ወስዶ በ1926 ይበልጥ አሻሻለው። እንፋሎቱ በአንድ ወፍራም ምንጭ ከመውጣት ይልቅ በብዙ ትንንሽ ምንጮች ተከፍሎ፣ ከጢሱ ጋራ ደረጃ በደረጃ እየተቀላቀለ እንዲወጣ አደረገ። በዚህ አኳኋን እሳቱ በሚገባ ይነድዳል፤ ፒስተኑም አይታፈንም። መሣሪያው ከሁለቱ ሰዎች ስም ተውጣጥቶ ኪልሻፕ ተባለ። ሻፕሎን የሌላውን ሰው አሳብ ሲጠቀም የባለቤቱን ስም ከራሱ ስም አስቀድሞ መጥራቱን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንወዳለን።

3566 ቁጥር ሎኮሞቲቭ

ሻፕሎን ከዚህ በኋላ አንድ ሙሉ መኪና ከሥር እስከ ጫፍ ለማደስ ለኩባንያው አሳብ አቀረበ፤ አሳቡም ተፈቀደለት። ለሙከራው የተመረጠችው 3566 ቁጥር የምትባል ፓሲፊክ ስትሆን፣ በነጂዎች ዘንድ መልካም ስም ያልነበራት መኪና ነበረች። ሥራው በቱር ከተማ በኩባንያው ፋብሪካ ተካሄደ። ፍጻሜውን ለማግኘትም ዓመታት ፈጀ። ለአንድ ገና ስሙ ላልታወቀ መሐንዲስ ይህ የጥበቃ ዘመን ቀላል አልነበረም። ሥራው ቢከሽፍ ኖሮ፣ አሮጌ መኪና ለማስጌጥ የኩባንያውን ገንዘብ ያባከነ ሰው ተብሎ መቅረቱ ነበር።

መኪናዪቱ ከፋብሪካው የወጣችው በ1929 በኖቬምበር ወር ነው። ከውጭ ለሚያያት ያችው አሮጌዪቱ መኪና ናት። ውስጧ ግን ተለውጧል። የእንፋሎቱ መተላለፊያ እጥፍ ያህል ሰፍቷል። የእንፋሎቱ ሙቀት ወደ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከፍ እንዲል ተደርጓል። እንፋሎቱን የሚከፍቱና የሚዘጉ፣ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተቱ ቫልቮች ቀርተው፣ በአውቶሞቢል ሞተር ውስጥ እንዳሉት ብድግ ቁጭ የሚሉ ፈጣን ቫልቮች ገብተዋል። በምድጃው ውስጥ ውሃ የሚዘዋወርበት ክፍል ተጨምሮ፣ እሳቱ የሚያሞቀው ሥፍራ በዝቷል። ወደ ጋኑ የሚገባው ውሃ አስቀድሞ በሚጣለው እንፋሎት እንዲሞቅ ሆኗል። በራስዋ ላይም ድርብ ኪልሻፕ ተተክሏል።

ሙከራው ሲደረግ የታየው ውጤት የባለሙያዎችን ዓይን አስፈጠጠ። ከመታደሷ በፊት 2000 ገደማ የፈረስ ጉልበት ብቻ የነበራት መኪና አሁን 3000 ገደማ የፈረስ ጉልበት ሰጠች። ለዚያው ሥራ የምትበላውም ከሰል በአንድ አራተኛ ያህል ቀነሰ። ክብደቷ ብዙ ስላልጨመረ፣ ሐዲዱም ድልድዩም ባለበት በቃ። ኩባንያው ሌሎቹንም ፓሲፊኮች በዚሁ ዓይነት እያስመጣ ማሳደስ ጀመረ።

ሻፕሎን ግን በዚህ አልረካም። ኩባንያው ኮረብታና ዳገት የሚበዛባቸው መሥመሮች ነበሩት። በዳገት ላይ ጉልበት ብቻውን አይበቃም፤ መንኰራኵሩ ሐዲዱን ቆንጥጦ መያዝ አለበት። ስድስት ጎታች መንኰራኵሮች ያሉት ፓሲፊክ ጉልበቱ ሲበዛ በዳገት ላይ መንሸራተት ያስቸግረዋል። ስለዚህ በ1932 አንዲት ፓሲፊክ ተወስዳ ከኋላ የነበሩት ተሸካሚ መንኰራኵሮች ተነቀሉ፤ በምትካቸው ሌላ ጥንድ ጎታች መንኰራኵሮች ገቡና ጎታቾቹ ስምንት ሆኑ። ሰፊው ምድጃ በትልልቆቹ መንኰራኵሮች መካከል ሊገባ ስለማይችል፣ በእርሱ ፈንታ ረዥምና ጠባብ ምድጃ ተሠራ። አንድን መኪና ከነመንኰራኵሩ አሰላለፍ መለወጥ እምብዛም ያልተለመደ ድፍረት ነው። ነገር ግን 109 ቶን ገደማ የምትመዝነው ይህች መኪና 4000 የፈረስ ጉልበት ለመስጠት በቃች። ባንድ ቶን ክብደት ይህን ያህል ጉልበት የሚሰጥ የእንፋሎት ባቡር በአውሮፓ ታይቶ አይታወቅም ነበር። ሌሎች አሥራ አንድም በዚሁ ዓይነት ተለወጡ።

ዝናው ከአገሩ ወጣ

ወሬው ቶሎ ተሰማ። በመኪናዎቹ ይመካ የነበረው የሰሜን የምድር ባቡር ኩባንያ የሻፕሎንን ፓሲፊኮች በራሱ መሥመር ላይ ፈትኖ ካያቸው በኋላ፣ 20 የታደሱ መኪናዎችን ገዛ፤ በዚያው አምሳልም አዳዲስ አሠራ። ከፓሪስ ወደ ካሌ ወደብ እየሮጠ ወደ እንግሊዝ አገር የሚሄዱትን መንገደኞች ያደርስ የነበረውን ወርቃማ ቀስት የተባለውን ስመ ጥሩ ባቡር የጎተቱት እነዚህ ናቸው። የምሥራቁም ኩባንያ እንዲሁ ገዛ። አንድ ኩባንያ የተወዳዳሪውን አሮጌ መኪና ታድሷልና ብሎ ሲገዛ ማየት ያልተለመደ ነገር ነው። በ1934 የፈረንሳይ መንግሥት ሻፕሎንን የሌጅዮን ዶኔር ኒሻን ሸለመው።

በእንግሊዝ አገርም ሰር ናይጄል ግሬዝሊ የተባለው የታወቀ የባቡር መሐንዲስ የሻፕሎንን ሥራ በቅርብ ይከታተል ነበር። በ1934 ከሠራቸው መኪናዎች አንዲቱን ለምርመራ እስከ ፈረንሳይ አገር ድረስ ልኳታል። የእንፋሎቱን መተላለፊያ የማስፋት አሳብና የኪልሻፕን ጢስ ማውጫም ለራሱ መኪናዎች ወሰደ። ከነዚህ መኪናዎች አንዷ ማላርድ የምትባለው ስትሆን፣ በ1938 ጁላይ 3 ቀን በሰዓት 126 ማይል፣ ማለት 203 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጣለች። ይህ ፍጥነት እስከ ዛሬ ድረስ የእንፋሎት ባቡር ዓለም አቀፍ ክብረ ወሰን ሆኖ ይኖራል። በእንግሊዛዊቱ መኪና ራስ ላይ የፊንላንዳዊውና የፈረንሳዊው ስም አብሮ መሮጡን ስናስብ፣ ዕውቀት ድንበር እንደሌለው እንረዳለን።

በዚያው በ1938 ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛው፣ በፈረንሳይ የነበሩት ታላላቅ የምድር ባቡር ኩባንያዎች ሁሉ ተጠቃለው በአንድ ብሔራዊ ድርጅት ሥር መዋላቸው ነው። ሁለተኛው፣ ሻፕሎን ስለ እንፋሎት ሎኮሞቲቭ የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ መታተሙ ነው። መጽሐፉ በ1952 ዳግመኛ ታትሟል። የሥራውን ምሥጢር በሆዱ ይዞ አልቀረም፤ ለሚማር ሁሉ በግልጽ አስቀመጠው።

ጦርነቱና ታላቂቱ መኪና

ሻፕሎን ቀጥሎ ያነሣው የዕቃ ባቡርን ነገር ነው። የዕቃ ባቡር በቀስታ ስለሚሄድ፣ እንፋሎቱ በሲሊንደሩ ግድግዳ እየቀዘቀዘ ጉልበቱን ያጣል። ይህን ለመከላከል አንዲት አሮጌ የዕቃ ሎኮሞቲቭ ወስዶ አሥራ ሁለት ጎታች መንኰራኵሮችና ስድስት ሲሊንደሮች ያሏት መኪና አደረጋት። የሲሊንደሮቹን ግድግዳ በእንፋሎት አለበሰ፤ ሥራውን ባጋመሰው እንፋሎት ላይም መንገዱ ሳያልቅ ሌላ ግለት ጨመረበት። መኪናዪቱ ተሠርታ ያለቀችው በ1940፣ የጀርመን ጦር ፈረንሳይን በወረረበት ወራት ነው። ስለዚህ ሙከራው ጦርነቱ እስኪያልፍ መቆየት ግድ ሆነበት። በመጨረሻ ሲሞከር ስሌቱ ትክክል መሆኑ ተረጋገጠ፤ ዘመኑ ግን አልፎ ነበር። ሁለተኛ መኪናም አልተሠራም።

ከሁሉ የበለጠችውን ሥራውን የሠራው ግን በዚያው በጭንቁ ዘመን ነው። የፈረንሳይ መንግሥት የምድር ባቡር በ1932 አንዲት ትልቅ ባለ ሦስት ሲሊንደር መኪና አሠርቶ ነበር። መኪናዪቱ አካሄዷ መጥፎ፣ ሥራዋም ደካማ ሆኖ ስለ ተገኘ ወደ ጎን ተተወች። ሻፕሎን ይህችን የተጣለች መኪና ለሥራው መረጣት። ሥራውም በሴን ሻሞን ከተማ፣ ከተወለደባት መንደር ብዙም ሳይርቅ ተካሄደ። አገሩ በጠላት እጅ ወድቆ፣ ብረትም ከሰልም በሌለበት ጊዜ የተጀመረው ሥራ፣ ከነጻነት በኋላ በ1946 ተፈጸመ። መኪናዪቱ ከኋላዋ አንድ ጥንድ መንኰራኵር ተጨምሮላት፣ እንፋሎቱን ሁለት ጊዜ በሚያሠራ አዲስ መሣሪያ ተዋቅራ፣ ሦስት የኪልሻፕ አፎች ያሉት ጢስ ማውጫ ተተክሎላት፣ 242 ኤ 1 ተብላ ወጣች።

የዚህች መኪና ጉልበት ከ5000 የፈረስ ጉልበት በላይ ሆኖ ተገኘ። ክብደቷ 148 ቶን ገደማ ስትሆን፣ በአሜሪካ አገር ከነበሩት ከርሷ እጅግ ከሚከብዱት መኪናዎች ጋራ ልትወዳደር ትችል ነበር። የማትረባ ተብላ የተጣለችው መኪና በአውሮፓ ምድር ከተሠሩት የእንፋሎት ባቡሮች ሁሉ የበረታች ሆነች። ስለርሷ ከሚነገሩት ነገሮች አንዱ እጅግ ያስደንቃል። በዚያን ጊዜ ከፓሪስ እስከ ሊዮን ያለው መሥመር በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ይሰናዳ ነበርና፣ የኤሌክትሪክ መኪናዎቹን የሚነድፉት መሐንዲሶች የዚህችን አሮጌ መኪና የሙከራ ውጤት ባዩ ጊዜ፣ የራሳቸው አዲስ መኪና በእንፋሎት እንዳይበለጥ ጉልበቱን ከፍ አደረጉት ይባላል።

ድሉ ዋጋ ያጣበት ጊዜ

እንግዲህ አንባቢ፣ እንዲህ ያለች መኪና በመቶ የሚቆጠሩ እኅቶች ሳይወለዱላት አልቀረችም ብሎ ይገምት ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አልሆነም። 242 ኤ 1 ብቻዋን ቀረች። በለ ማን ከተማ ተመድባ ጥቂት ዘመን ካገለገለች በኋላ፣ በ1960 ግድም ተቆራርጣ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ለመታሰቢያ እንኳ በሙዚየም አልተቀመጠችም።

ስለምን እንዲህ ሆነ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በዚህም ላይ ፍርድ ለመስጠት አንቸኩልም፤ በሁለቱም ወገን ምክንያት አለና። ከጦርነቱ በኋላ የፈረንሳይ ሐዲድና ፋብሪካ ፈራርሶ፣ ከሰልም ጠፍቶ ነበር። ለዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ብዙ ጥንቃቄ የማይጠይቅ፣ ማንም ነጂ የሚነዳው፣ ቶሎ የሚደርስ መኪና ነበረ። ስለዚህ መንግሥቱ 141 አር የሚባሉ ቀላልና ጠንካራ ሎኮሞቲቮችን በ1340 ቁጥር ከአሜሪካና ከካናዳ አዘዘ። የሻፕሎን መኪናዎች ትንሽ በልተው ብዙ የሚሠሩ ቢሆኑም፣ የሠለጠነ ነጂ፣ የሠለጠነ እሳት አንዳጅና ትጉህ ጠጋኝ ይፈልጉ ነበር። ከዚህም በኋላ ተራሮቿ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሰጡ ውሃዎች ያሏት ፈረንሳይ ፊቷን ወደ ኤሌክትሪክ መለሰች። ይህ ምርጫ ስሕተት ነበረ ማለት አንችልም። ሻፕሎን 6000 የፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ ብሎ የነደፋቸው ታላላቅ አዳዲስ ሎኮሞቲቮች ግን በወረቀት ላይ ቀሩ።

ይሁን እንጂ ድካሙ ከንቱ አልነበረም። በጦርነቱ ጊዜና ከዚያ በኋላ የተሠሩት፣ 141 ፒ የተባሉት 318 ሎኮሞቲቮች በእርሱ ዘዴ የተነደፉ ናቸው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይም ለብራዚል አገር 90 መኪናዎች በእርሱ ንድፍ ተሠርተው ተልከዋል። የሚሄዱበት ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ሲሆን፣ ይህም ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ያገራችን የቀድሞው የምድር ባቡር ሐዲድ ልክ ነው። ሻፕሎን በ1953 ጡረታ ወጣ። በ1978 በ85 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ። በፈረንሳይ የእንፋሎት ባቡር አገልግሎት ካበቃ ጥቂት ዓመታት ብቻ አልፈው ነበር።

ሰው ሲሞት ትምህርቱ አይሞትም። ሻፕሎንን እንደ መምህር ይቆጥር የነበረው የአርጀንቲናው መሐንዲስ ሊቪዮ ዳንቴ ፖርታ፣ በ1949 አንዲት አሮጌ ፓሲፊክ ወስዶ ስምንት ጎታች መንኰራኵሮች ያሏት አዲስ መኪና አደረጋት። ዴቪድ ዋርዴል የተባለው መሐንዲስ ደግሞ በዚሁ ፈለግ ሄዶ በደቡብ አፍሪካ አንዲት ትልቅ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በ1981 አሻሻለ። ይህች ቀይ ቀለም የተቀባች መኪና ቀይ ሰይጣን የሚል ቅጽል ስም ወጣላት። ከቱር ፋብሪካ የተነሣው አሳብ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ባሕር ተሻግሮ አፍሪካ ደረሰ ማለት ነው።

ከታሪኩ የምናገኘው ትምህርት

በትምህርት ቤት ያላችሁ ወጣቶችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመራችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከዚህ ሰው ታሪክ ሁለት ነገር እንድትይዙ እንመኛለን።

አንደኛው ይህ ነው። አንድ ሥራ ሲደክም፣ መሣሪያው አርጅቷል፣ ሠራተኛው ሰንፏል፣ ገንዘቡ አንሷል ማለት ይቀናናል። ምናልባት እውነት ሊሆን ይችላል። ዳሩ ግን ሻፕሎን እንዳደረገው ነገሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው ድረስ ተከትሎ የለካ ሰው፣ ችግሩ ከአንድ ጠባብ መተላለፊያ ላይ መሆኑን ሊያገኘው ይችላል። አንድ ማመልከቻ በአሥር ጠረጴዛ ላይ ሲንከራተት የሚውልበት መሥሪያ ቤት ጉልበት አጥቶ አይደለም፤ እንደ 3566 ጉሮሮው ታንቆ ነው። የሚያስፈልገውም አዲስ ሕንፃ ሳይሆን መተላለፊያውን የሚያሰፋ ሰው ነው።

ሁለተኛው ከፊተኛው ይልቅ የሚከብድ ነው። መልካም ሥራ ሁልጊዜ በመልካም ጊዜ አይደርስም። ሻፕሎን ከሥራዎቹ ሁሉ የበለጠችውን ሠርቶ ዓለም ወደ ሌላ መንገድ ሲዞር በዓይኑ አየ፤ መኪናዪቱ በመጋዝና በእሳት ስትቆራረጥም በሕይወት ነበረ። ነገር ግን የለካውንና የተረዳውን በመጽሐፍ ጽፎ ስላስቀመጠ፣ ብረቱ ሲጠፋ ዕውቀቱ አልጠፋም። እኛም የሥራችን ፍሬ በእጃችን ባይቀር፣ ያወቅነውን ጽፈን ለሚተካን ብናስረክብ፣ ድካማችን ከንቱ አይሆንም።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ያልነው ለዚህ ነው። ሻፕሎን መዳብ የተባለውን አንሥቶ ፈተነው፤ ወርቅ ሆኖም አገኘው። በየእጃችን ያለውንም ከመጣላችን በፊት ደግመን እንፈትነው እያልን የዛሬውን ጽሑፋችንን በዚህ እንፈጽማለን።